እሜቴን አደራ ብዬ

ማክሰኞ፣ ማርች 4። ጠዋት 12፡30

የዓሣ ገንዳዬን ጨው ለካሁ። ደህና። ሙቀቱም ደህና። እሜቴ፣ ሴቷ ዓሣ፣ ሸክላውን በአፏ እያጸዳች ነው፤ እንቁላል ልትጥል ነው። ወንዱ፣ ሎሌዋ፣ ከኋላ ከኋላዋ። ባሕር አያውቁም ሁለቱም። ሰው መርጦ ያዳቀላቸው፣ ጥቁር በነጭ ዥጉርጉር፣ ገንዳ ውስጥ ተፈልፍለው ገንዳ ውስጥ ያደጉ። ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው። ክሎተን አየር ማረፊያ፣ የአውሮፕላን ምግብ ሳሽግ መዋል።

ያው ቀን፣ ማታ

ባለቤቴ ሣራ ደወለች። ጄኔቭ ከተማ ሥራ ከያዘች አምስት ወሯ። ቤት ተገኘ፣ ወደዚያ ካንቶን፣ ክፍለ ሀገር እንደማለት፣ መዛወሬ ተፈቀደ፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ዓሣዎቹ ሊጥሉ ነው አልኳት። ባለፈውም እንዲህ ብለህ ነበር አለች። ቅዳሜ ካልመጣህ ያው መልስህ ነው፣ ብላ ዘጋች። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ።

ዓርብ፣ 7

ጣለች። ብርቱካንማ፣ ጥቃቅን፣ ሸክላው ሙሉ። አሁን ጥዬ ልሂድ?

ቁልፉን ለጋሽ ታደሰ ሰጠሁ። ከሥሬ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። አንድ ቁንጥር፣ በቀን ሁለቴ፣ አልኳቸው። ቁንጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ይችን ብቻ? አሉ።

እሑድ፣ 9

ጄኔቭ ደስ ይላል። ስለዚህ ከፋኝ። ሣራ ዳቦ ቤት በፈረንሳይኛ ስታወራ ከኋላዋ ቆሜ ፈገግ እላለሁ። ስንት ዓመት የለፋሁበት ጀርመንኛ እዚያ ለሰላምታ እንኳ አይሆንም። መልስ ሳልሰጣት ተመለስኩ።

ቤት ስገባ ውሃው እንደ አጃ ሾርባ ደፍርሷል። ጋ/ታደሰ የዓሣውን ምግብ ጣሳ ሙሉ ጨርሰዋል። አፋቸውን ከፍተው ወደ መስታወቱ ሲመጡ እንዴት ልከልክል፣ አደራ የተቀበልኩትን ላስርብ ወይ፣ አሉ። እሜቴ ሞታለች። እንቁላሉ ነጥቷል። ሎሌው ውሃው አፍ ላይ ያለከልካል።

ጮህኩባቸው። አባቴ ይሆናሉ እኮ።

ሰኞ፣ 10

ግማሹን ውሃ ቀየርኩ። ሎሌው ትንሽ በላ። የእነዚህ ነገር፣ ሴቷ ስትሞት ወንዱ ቀስ በቀስ ራሱ ሴት ይሆናል። ጀግና ነው።

ማስታወሻዬ፣ ላንተ ልንገርህ። እሜቴን በመረቡ ሳወጣት ያሰብኩት ስለ እሷ አይደለም። ለሣራ የምሰጠው ምክንያት አለቀ ብዬ ደነገጥኩ። ዓሣ አልነበረም ያሰረኝ። በአርባ ሁለት ዓመቴ እንደገና "ሀ" ብዬ መጀመር ፈርቼ ነው። አፈርኩ።

ረቡዕ፣ 12

ጋ/ታደሰ አንኳኩ። ይቅርታ ሊሉ ነው የመጡት፤ ቀደምኳቸው። ጉልበታቸው ላይ ስወድቅ ክንዴን ይዘው አነሱኝ። ገንዳው ፊት ወንበር ስበው ብዙ ተቀመጡ። ሎሌው መጣላቸው። ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ዓርብ፣ 14። ጠዋት

ገንዳው ትናንት ታች ወረደ፣ ጋ/ታደሰ ሳሎን። መለኪያ ማንኪያ ሰጠኋቸው። ሲለምነኝስ ምን ላድርግ አሉ። ያጫውቱት አልኩ።

ቲኬት፣ ከዚህ ከዲቲኮን ጄኔቭ፣ መሄጃ ብቻ። ለሣራ አልደወልኩም። በሯ ላይ ቆሜ መልሴን በፈረንሳይኛ ልነግራት ነው። ያለችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ባቡሩ ውስጥ አጠናታለሁ። ጋ/ታደሰ ከታች እየተጣሩ ነው፣ ሻንጣውን ሊያግዙኝ።