የእናቴ ቤት የጓሳ ተራ

ሰኞ

«አንቺ? ጓሳ ልትጠብቂ?» ብላ እማዬ ሳቀች። ከመሐል ሜዳ ያመጣኝ ባጃጅ ገና ዞሮ አልሄደም። ቦርሳዬን ተቀብላ ክብደቱን ስታውቅ ሳቋ ቆመ። ግማሹ ያላረምኩት የፈተና ወረቀት ነው። «ይሄንንም እዚያው ላይ ልትጠብቂው ነው?» አለችኝ።

ነገሩን ለራሴም በደንብ ልጻፈው። ዛሬ መንገድ ላይ ስንቱ «በደህና ነው የመጣሽው?» ሲለኝ ለእያንዳንዱ የተለያየ መልስ ስሰጥ ነው የዋልኩት። የሰበካችን የጓሳ ሣር የጋራ ነው። ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቃል፤ ሲከፈት እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ያጭዳል። ድርሻ ያለው ቤት ደግሞ ተራው ሲደርስ ለአንድ ሳምንት የሚጠብቅ ሰው ይልካል። የኛን ቤት ተራ አባቴ ነበር የሚወጣው። እሱ ካረፈ በኋላ የአክስቴ ልጅ ተካው፤ እሱም ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገባ። ባለፈው ተራ እማዬ ሰው ቀጥራ ብትልክ የጓሳው ዳኛ አባ መርሻ «ቅጥረኛ የቤት ሰው አይሆንም» ብለው መለሱት። አሁን ተራው እንደገና ደርሷል። በዚህም ተራ ከቤቱ ሰው ካልወጣ ቤታችን ከጓሳው ይሰረዛል።

ወንድሜ ጅዳ ነው። እህቴ አዲስ አበባ አራስ ናት። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሕዝብ ቁጥር፣ ስለ ፍልሰትና ስለ አካባቢ ለውጥ የማስተምረው፣ ሰው አገሩን ለምን ይለቃል እያልኩ ዕድሜዬን የፈጀሁት። ፈቃድ ስጠይቅ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ «የመስክ ሥራ ነው?» ብሎኝ «መስክስ መስክ ነው» ብዬው መጣሁ።

ከሰዓት አባ መርሻ ዘንድ ሄጄ እጅ ነሳሁ። «ሴት ልጅ ጓሳ ጠብቃ አታውቅም። ደግሞም ከወጣች ስንት ዘመኗ፤ የቤቱ ሰው ናት ለማለት ይቸግራል» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። ቆይተው ግን «ትውጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንመክርበታለን» አሉ። እምቢ አላሉም። ተመስገን ነው።

ማክሰኞ

የለበስኩት፦ ሁለት ሹራብ፣ የአባቴ ካፖርት፣ በላዩ የእማዬ የበግ ፀጉር ባና፣ ከከተማ «ብርድ አያስገባም» ተብሎ የተሸጠልኝ ጫማ። ጫማው ዋሽቷል።

ስንቅ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ውኃ። ጾም ስለሆነ የሚመረጥ ነገር የለም።

አብረውኝ ተራ የደረሳቸው ጋሼ ተክሌ ናቸው፤ ጎረቤታችን፣ የአባቴ እኩያ። ሥራው በወሬ ቀላል ነው። ዳር ዳሩን መዞር፣ ከብት እንዳይገባ፣ ማጭድ እንዳይገባ። በእግር ሲሆን ግን ሌላ ነው። መንዝ ተወልጄ የመንዝን ውርጭ ረስቼው ኖሯል። ረፋድ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የፈተና ወረቀት አወጣሁ።

«ዶክተር፣ ልጆቹን በኋላ ትጥያቸዋለሽ። ተነሽ፣ ጉም እየመጣ ነው» አሉኝ።

«አልጥልም ጋሼ፣ ሁሉም ያልፋሉ።»

«ሁሉም ካለፉ ምን ያደክምሻል እንግዲያ?»

ትንሿ ድሌ፦ በድምፄ ብቻ አንድ መንጋ በግ ከዳር መለስኩ። ትንሿ ሽንፈቴ፦ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከጎኔ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ዋሉ፤ ከቁም ነገርም አልቆጠሩኝም። ቀይ ቀበሮ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። እግሬ አብጧል፤ ደስ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ ነገ አስባለሁ።

ረቡዕ

አሰብኩት።

ጓሳው በሚከፈትበት ዓመት እማዬ ድርሻዋን አጭዳ ገመድ ትገምድ ነበር። ገመዱ መሐል ሜዳ ገበያ ይወጣል። እኔም መሐል ሜዳ ነበር ተከራይቼ የምማረው። የቤት ኪራዬ፣ ደብተሬ፣ ለላምባ የምከፍለው ሁሉ ከዚህ ሣር ነው የወጣ። ዛሬ ስዞርበት ያንኑ ሳስብ ዋልኩ። ሰው ለሣር ያለቅሳል? እኔ አለቀስኩ። ጋሼ ተክሌ ንፋሱ መስሏቸው «ባናውን ወደ ፊት ሳቢው» አሉኝ።

አስረኛ ክፍል ሳለን የጂኦግራፊ መምህራችን «ከእናንተ ስንቱ እዚህ አገር ይቀራል?» ብሎ ጠይቆን ነበር። እጁን ያወጣ አልነበረም። «እንግዲህ አንዳችሁ ለምን እንደሆነ አጥኑልኝ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ያ ቀልድ ግን እንጀራዬ ሆነ። ከመርሐቤቴ ቆላ እስከ ግሼ ገደል አፋፍ በየሰው ደጅ ቆሜ «ከዚህ ቤት የወጣ ሰው አለ?» እያልኩ ኖርኩ። ሰው ሥራውን ትቶ፣ ውሻውን አስሮ፣ በርጩማ አውጥቶ መለሰልኝ። አንድ ጊዜ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ላይ አውቶቡሱ ተበላሽቶ መሸብኝ። አንድ ባለ ሱቅና ባለቤቱ ዘመድ ሳልሆን፣ ሃይማኖታችንም ሳይገጥም፣ ከልጆቻቸው ጋር አሳደሩኝ። ጠዋት ስሄድ ሴትዮዋ «ጥያቄሽን ግን ሳትጠይቂን ልትሄጂ?» አለችኝ። ይህን ሁሉ ውለታ በምን እከፍላለሁ?

በኛ ሙያ ከስድስት ወር በላይ ከቤቱ የራቀ ሰው «ወጥቷል» ተብሎ ይያዛል። በዚህ ሒሳብ እኔ ከወጣሁ ፀጉሬ ሸብቷል። ወደ ቤት ስመለስ እማዬን እንደ ቀልድ «እመቤቴ፣ ከዚህ ቤት የወጣ ሰው አለ?» አልኳት።

«ማን ይወጣል? ሁላችሁም አላችሁ» ብላ ሽሮዋን ማማሰል ቀጠለች።

ሐሙስ

ዛሬ መጥፎ ቀን ነበር።

ከቀትር በኋላ ጉሙ ወረደ። ጋሼ ተክሌ በወዲያኛው ዳር ነበሩ። ከብት ሲግጥ ሰማሁ፤ ሁለት በሬና አንድ ላም፣ ጓሳው መሐል። ከኋላቸው እትዬ ብርቄ ቆመዋል። የእማዬ ባልንጀራ ናቸው፤ ሕፃን ሆኜ አዝለውኛል። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው በመተማ በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ተራ የሚወጣላቸው ሰው ስላጡ አምና ቤታቸው ከጓሳው ተሰርዟል።

«እትዬ፣ ያውጧቸው» አልኩ።

«እኔን አስወጣችሁኝ። አሁን ደግሞ ከብቶቼን? የማንን ሣር ነው የማከብረው ልጄ?»

ሕጉ ግልጽ ነው፤ የተያዘ ከብት ዳኛው በረት ይታሰራል፣ ባለቤቱም እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት ይቀርባል። ብለቃቸው ጉሙ ይሸፍነናል። ቢታወቅ ግን የእማዬ ቤት አለቀለት፤ «አልነገርናችሁም? የከተማ ሰው!» ይባላል። ብይዛቸው ደግሞ የምይዘው እኮ እናቴን ነው። እማዬም እኔ ባልመጣ ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት እዚሁ ቦታ ላይ፣ እንዲሁ የምትቆም ሴት ነበረች።

ያዝኳቸው። ወደ አባ መርሻ በረት ነዳሁ። ላሟ ለእኔ እምቢ አለች። እትዬ ብርቄ ራሳቸው ናቸው የነዱልኝ። በረቱ በር ላይ ሲደርሱ «ዶክተር ሆነች ሲሉኝ እልል ያልኩት ለዘበኛ ኖሯል» አሉኝ።



ዓርብ

እማዬ ወሬውን ከእኔ በፊት ሰምታው ነበር። ጠዋት ካፖርቱን ስታለብሰኝ «መያዝሽ ደግ አደረግሽ። አባትሽ ጓሳ አስግጦ አያውቅም» አለች። ደረቴ ነፋ ሊል ሲጀምር «እሑድ ስለ ብርቄ ሳትናገሪ ብትመለሺ ግን ቤቴ እንዳትገቢ» አለች። «ይሄ ምክር ነው ዛቻ?» ብላት «እንደ ፈለግሽ ያዢው» አለች።

ቀኑን ሙሉ ምን እንደምናገር ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ክፍል ውስጥ ፕሮጀክተር አለኝ፣ ሥዕል አለኝ፣ ተማሪው ለውጤቱ ሲል ይሰማኛል። እዚህ ምን አለኝ?

ኃላፊያችን የሚቀጥለውን ሳምንት ሴሚናር እንዳልረሳ መልእክት ልኳል። ወንድሜ ከጅዳ ድምፁን ልኮ «በእኔ ፈንታ ነው የቆምሽው፣ እግርሽን ልሳመው። እባክሽ ጉሙን ቅረጪልኝ» አለኝ። ቀረጽኩለት፤ ሌላ ምንም የማይታይበት ነጭ ነገር። «አለቀስኩ» ብሎ መለሰ። ቤተሰባችን ጤና የለውም መሰለኝ።

ቅዳሜ

የጥበቃ መጨረሻ ቀን። እግሬ ለምዷል። ዛሬ ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩት ጋሼ ተክሌ ሲቀመጡ ብቻ ነው።

የሥራ ልማድ አይለቅም፤ ጠየቅኋቸው። ቤታቸው ቆርቆሮ ነው፣ ቤይሩት ያለች ልጃቸው በላከችው የተሠራ። ለክዳን ሣር አያስፈልጋቸውም፤ ገመድም ዛሬ ዛሬ ሰው የሚገዛው ናይለኑን ነው። «ታዲያ በዚህ ዕድሜዎ በብርድ የሚቆሙት ለምንድን ነው?»

«ለእኔ መስሎሻል?» አሉ። «ስትመለስ ‹አንቺ ከጓሳው የለሽም› እንዳትባል ነው እንጂ።»

«ትመለሳለች?»

«እኔ ምን አውቄ። ቦታዋ ግን ይቆያት።»

እስከ ዛሬ ስጠይቅ የኖርኩት የወጡት ልጆች ለቤታቸው ምን እንደሚልኩ ነው። ቤቶቹ ለልጆቹ ምን እንደሚያቆዩላቸው መጠየቅ አልመጣልኝም ነበር። በዚህ አልተከፋሁም፤ እንዲያውም ልቤ ሞቀ። ይህን ያህል ዘመን ሠርቼበት ገና ያልጠየቅሁት ጥሩ ጥያቄ መኖሩ ትልቅ ጸጋ ነው።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ተቀመጡ። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆመች። እትዬ ብርቄ ለብቻቸው ቆመዋል።

አባ መርሻ «የደምሴ ቤት ተራውን ጠብቋል?» አሉ። ደምሴ አባቴ ነው።

ጋሼ ተክሌ ተነሡ። «ጠብቋል። አንድም ቀን አላረፈደም። ከብት ገብቶ ሲያገኝም ወዳጅ ነው ብሎ አላለፈም።»

ከወዲያ አንዱ «ነገ ትሄዳለች እኮ! የሄደ ሰው ምን ዋስ አለው?» አለ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። እውነቱን ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር።

ለመናገር ፈቃድ ጠየቅሁ። ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋብኝ። የተናገርኩት ይህን ነው፦ «እኔ ብዙ አገር ዞሬያለሁ። ወጣት የሌለውን ቤት ከጋራው ሣር ያስወጡ ሰፈሮች አይቻለሁ። ሣሩ የሚያልቀው ከዚያ ቤት በኩል ነው። ቀድሞ ሲጠብቀው የኖረ ቤት ነው የሚያስግጠው፣ ከእንግዲህ የኔ አይደለም ብሎ። እትዬ ብርቄን እኔ ይዣቸዋለሁ፤ አጥፍተዋል። ግን ከጓሳው ባታስወጧቸው ኖሮ እንደ ጋሼ ተክሌ እሳቸውም የልጃቸውን ቦታ ይጠብቁ ነበር። ልጅ ያለው ልጁ በተራው እየመጣ ይቁምለት። የሌለው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ይቁም።»

ክርክሩ ረዘመ። አንዱ ሁሉም በስልክ ዘመድ እየጠራ ጓሳው የእንግዳ ማረፊያ ይሆናል አለ። ሌላው ሊደግፈው ተነሥቶ የራሱ ሁለት ልጆች አዲስ አበባ እንዳሉ አስታወሰና ተመልሶ ተቀመጠ። አባ መርሻ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩ።

«ነገሩ ደግ ነው። ብርቄ ግን ማን አላት? ማን ይቆምላታል?»

ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ጀመር። ይህችን ጥያቄ የጠራኋት እኔው ነኝ። «እኔ» አልኩ።

«አንድ ሰው ሁለት ቤት አይሆንም» አሉ።

«እንግዲያ እኔው እወጣለሁ!» አሉ እትዬ ብርቄ ከወደ አጥሩ። «እግር አለኝ። ከብት ሲገባ አይቼ አልመልስም?»

የሳቀም ነበር፤ አባ መርሻ ግን አልሳቁም። ጥቂት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተንሾካሽከው እንዲህ ብለው ፈረዱ። የኛ ቤት ባለበት ይጸናል። የእትዬ ብርቄ ቤት ይመለሳል፤ ከብታቸው ይፈታል፣ ዳግም ላያስገቡ ቃል ይገባሉ። በሚቀጥለው ተራ እሳቸውና እኔ በአንድ ሳምንት እንወጣለን። አንዳችን ከቀረን ሁለቱም ቤት ይሰረዛል። የሌሎቹ ጉዳይ ከገና በኋላ ይታያል። ያስደሰተኝም ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።

ስንበተን እትዬ ብርቄ አጠገቤ መጡ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ኮስተር እንዳሉ ናቸው። «ያ ካፖርት አይሆንሽም፣ ንፋስ ያስገባል። የልጄ ባና አለ፤ ያኔ እሱን ትለብሻለሽ» አሉኝ።



ሰኞ፣ ሚኒባስ ውስጥ

ሞላሌ ላይ ቆመናል፤ ረዳቱ ሰው እየጠራ ነው። መንገዱ ሰላም ነው ብለዋል። ወረቀቶቹ አሁንም አልታረሙም። ቀጣዩ ተራችን ከትንሣኤ በኋላ ነው፤ የፈተና ወቅት። ኃላፊያችን እንደገና ይፈቅድልኛል? አላውቅም። «መስክ ነው» የምለው ሁለተኛ ጊዜ ይሠራ ይሆን?

ዛሬ ጠዋት እማዬ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ስንለያይ የምትለኝ አንድ ነገር ናት፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «መቼ ትመጫለሽ?» ትለኛለች። እኔም በዚህ ዕድሜዬ አንድም ጊዜ እውነተኛ መልስ ሰጥቻት አላውቅም።

ዛሬ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ሌላ ጫማ እንድገዛ አዘዘችኝ። መቼ እንደምመጣ አልጠየቀችኝም።