የእናትሽ መሬት በቢቸና ፍርድ ቤት

ለልጄ ለፋንታነሽ፤ ሰላምታዬ ዓባይን ተሻግሮ ጅማ ይድረስሽ። እንዴት ከረምሽ? ያ የጎንሽ ውጋት ተወሽ ወይ? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እሱም ዛሬ አያመኝም፣ ተፈርዶልናልና። አጎትሽ ጓዴ «ከአገር የወጣች ሴት ምን ርስት አላት» ብሎ ያረሰው የእናትሽ መሬት ተመልሶልሻል።

ፍርድ ቤቱን ታውቂው የለም? ከገበያው በላይ ያለው ባለፎቅ ነው። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ በኖራ፣ በሩ ከላይ እንደ ቀስት የጎበጠ፣ ወለሉ የጥድ ሳንቃ። ድሮ ዳኞቹ ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው፣ እኛ ከታች ግቢው ውስጥ ቆመን ነበር የምንሟገት። አሁን ወደ ውስጥ አስገብተውናል፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ግን ዛሬም ድምፅ አይውጥም። ደሃ ሲናገርበት እንኳ የጌታ ድምፅ ይሆናል። ሞጣዎች በድልድያቸው ይኩሩ፤ እንዲህ ያለ ቤት የላቸውም። ይህን እንዳልኩት ጻፈው ብዬዋለሁ ደብዳቤውን የሚጽፍልኝን መሪጌታ አካለ ወልድን፤ እናቱ የሞጣ ሰው ናትና እጁ ያመነታል።

ኩታዬን አደግድጌ ቀረብኩ። ዳኛው አዲስ ናቸው፣ ከሐረር የመጡ ወጣት። የእናትሽን ዘር ከላይ ጀምሬ ስቆጥር፣ መሐል ሳልደርስ «አባቴ፣ ይቀመጡ» ብለው አግዳሚ ወንበር አሳዩኝ። እኛ ዘንድ ተቀመጥ የሚባል ነገሩ ያለቀበት ሰው ነው። በቃ ተረታሁ ብዬ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «በሕግ አምላክ! ቆሜ ልሟገት!» አልኩ። ያ ቤት ድምፄን ተቀብሎ አስተጋባው። ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ፣ ዘበኛው ባለበት ደረቀ፣ ዳኛውም ሳይቀሩ ከወንበራቸው ተነሡ። ጓዴ፣ ባላጋራዬ ሆኖ ሳለ፣ «አንተ ሰው፣ ለጉልበትህ አዝነው ነው እኮ» ብሎ ሹክ አለኝ።

ዳኛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ቆሜ እንድጨርስ ፈቀዱልኝ። እስከ አንቺ ድረስ ቆጠርኩት። የእኅትህ ልጅ አይደለችም ወይ ብለው ጓዴን ሲጠይቁት አልካደም። በትከሻው ተሸክሞ አሳድጎሽ እንዴት ይካድሽ? ዳኛውም «ከአገር መውጣት ከዘር አያወጣም» ብለው ፈረዱ።

ከፋሲካ በኋላ ድንበሩ ይለያልና መጥተሽ በእግርሽ ርገጪው። እኔ የሞገትኩልሽ ልታርሽው እንጂ ከሩቅ ሆነሽ ልትሰሚው አይደለም።

እኅትሽ ይርጋነሽ፣ አክስትሽ ወለተ ሐናም ሰላም ብለውሻል። ጓዴም ሰላም ብሎሻል። ከችሎት ስንወጣ በቅሎው ላይ አውጥቶ እስከ ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው፤ መንገዱን በሙሉ ሲሰድበኝ መጣ። ለመጀመሪያው እርሻ በሬዎቹን ሊያውስሽ ነው። ሰላምታውን መልሽለት፤ አጎትሽ ነው።

አባትሽ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ በጣቴ ፈርሜያለሁ።

ቢቸና፣ የካቲት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.