ሚናስን ያደበዘዝኩበት እሁድ

ይድረስ ደሴ ላሉት እህቴ፣ ለእትዬ አስካለ፤

እንደምን ከርመዋል? እኛ አፍንጮ በሮች፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ያ ካሜራ ያስተማርኩት ሚናስ፣ አለቃ ሲሆን «ጋሼ እምሩ፣ ካሜራው አሁን ራሱ ያያል፤ ይረፉ» ብሎ ያስወጣኝ፣ እሁድ እጄ ገባልኝ! ድሮ አንዷን ካሜራ ለሁለት እንገፋ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሦስቱን በቁልፍ ያሽከረክራል። ሚናስ ራሱ በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ሊሰጥ፣ በቀጥታ ሊተላለፍ ሲል ማሽከርከሪያው ተበላሸ። ምስል በእጅ የሚያጠራ ሲጠፋ እኔን ለምኖ አስጠራኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፊቱን ጭጋግ አስመስዬ ላገር አሳየሁት። የሰባት ዓመት ቂሜን ተወጣሁ።

እትዬ፣ ከእንግዲህ በደማቅ ቀለም፣ ፊደሉን ተለቅ አድርገው ይጻፉልኝ። ያለፈውን ደብዳቤዎን ልጄ ፀደንያ ናት ያነበበችልኝ።

ስለ እሁዱ የሚጠይቅዎ ካለ፣ ሆን ብሎ ነው ይበሉልኝ።

ጤናዎን የሚመኝ ወንድምዎ፣
እምሩ