የንጉሡ ጥለት

ማክሰኞ

እጁ አልገባም። እጀ ጠባብ ነው ተባልኩ፣ አጠበብኩት፤ የባሌ ክንድ ግን ክርኑ ላይ ሲደርስ ቀረ። «ዘውዴ፣ ይሄ እጅጌ ነው ወይስ የጠርሙስ አንገት?» አለኝ፣ እጁ ወደ ላይ እንደተሰቀለ። ሳቄን ማቆም አቃተኝ። ነገ ብብቱ ስር ጨርቅ ጨምሬ አሰፋዋለሁ። ስንት ዓመት የእጅ ሥራ አስተምሬ በአንድ እጅጌ አልሸነፍም።

ቆይቼ ሳነበው እንዳልረሳው ልጻፈው። ታደለ በወጣቶቹ ቴአትር ላይ ንጉሥ ሆኖ ሊጫወት ነው፤ ጎንደር ሳትቆረቆር በፊት የነበረ ንጉሥ። ከታሪክ መምህርነቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ኑሮው ከአልጋ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ አልጋ ነበር። አሁን በጠዋት ተነስቶ ጺሙን እያበጠረ ቃለ ተውኔቱን ያጠናል። ይህን ልብስ ለማንም ልብስ ሰፊ አልሰጥም።

ረቡዕ

እጅጌው ገባ! ክንዱንም አነሳ፣ ጦር የያዘ መስሎ መጥረጊያዬን ወዘወዘው።

አዝራር ተከልክያለሁ። «በዚያ ዘመን አዝራር የት አለና?» ይላል። እሺ፣ በክር ቋጠርኩት። ዚፕ ባስገባ ኖሮ በፈታኝ ነበር።

የቀረኝ ካባው ነው። ከጨንቻ ያመጣሁት ኩታ ጥለቱ ሰፊ ነው፣ ቀይና ቢጫ። አንገቱ ላይ ቢያበራ ነው የሚያምረው። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ትከሻው ላይ በስፌት መኪና ድርብ አድርጌ መታሁት። እጄን ይባርከው።

ሐሙስ

ታደለ ከልምምድ የተመለሰው ፊቱ ጠቁሮ ነው። ንጉሡ የልጁን ሞት ሰምቶ ረጅም ንግግር የሚያደርግበት ቦታ ላይ አቅቶታል። አዘጋጁ ናሆም በቅርብ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ጨዋ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚያዝኑ ሳይሆን የሚያስተምሩ ነው የሚመስለው» ብሎታል። ትርኢቱ ቅዳሜ ነው። ነገ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው ሊተካበት ነው።

«ልጁ እውነቱን ነው» አለኝ ራቱን ገፍቶ። «ሐዘኔ ከአንገት በላይ ነው።»

ተናደድኩ። በናሆምም፣ በታደለም፣ በዚያ ንጉሥም። ተመልሶ በረንዳው ላይ ሊቀመጥብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ይህን ብቻ ነው።

ዓርብ

ጠዋት ካባውን አልብሼው ራቅ ብዬ አየሁት። ግሩም ነው። ጎረቤታችን አስቴር ሙዝ ይዛልን ገባች፣ ታደለን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እትዬ፣ ንጉሡ ማን ሞተበት?»

ክው አልኩ። ለስንት ለቅሶ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ ሄጃለሁ! የካባ አንገት ሳስብ ጨርቁ ኩታ መሆኑን ረስቼ፣ ገና መጋረጃው ሳይከፈት ንጉሡን ሐዘን አስቀመጥኩት። ያውም በድርብ ስፌት።

መቀስ ላነሳ ስል ታደለ እጄን ያዘኝ።

«ቆይ እስቲ። ልጅህ ሞተ ሲሉት ያ ሰውዬ ያን ሁሉ ንግግር ከየት ያመጣዋል? ኩታውን ነው የሚዘቀዝቀው።» ትንሽ አሰበና «ተርትሪው፣ ግን መልሰሽ አትስፊው» አለኝ።

ተረተርኩት። ለልምምድ ይዞት ሄደ። ናሆም «እስቲ ሰው ፊት እንየው» ብቻ ነው ያለው። አልተተካም። ራቱንም ጥርግ አድርጎ በላ።

ቅዳሜ

አዳራሹ ሞልቷል፣ ሙቀቱ አይጣል ነው። ለጨንቻ ብርድ የተሸመነ ኩታ ለብሶ ንጉሤ በላብ ተጠመቀ። ጥለቱ ግን ከታች፣ እግሩ ላይ ያበራ ነበር።

መልእክተኛው ገባ፣ መርዶውን ተናገረ። ታደለ ያን ሁሉ ንግግር ትቶ ኩታውን ከትከሻው አወረደ። ቀስ ብሎ አዞረው። ጥለቱ አንገቱ ጋ ሲደርስ ከኋላዬ አንዲት ሴት «እኔን!» አለች፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። እኔም አለቀስኩ። እያለቀስኩም ክንዱን ሲያነሳ ብብቱን አየሁ፤ አንድ ክር አልተበጠሰም።

ናሆም እየሮጠ መጥቶ አቀፈው። «ጋሼ፣ ለሚቀጥለው ትርኢት ካምባ ከተማም ይዘውን ይሄዳሉ!»

እሑድ

ኩታው ትናንት እንደወለቀ ወንበር ላይ አድሯል፣ ጥለቱ ወደ ላይ። የሐዘን አለባበስ ቤቴ ውስጥ እንዲውል አልፈልግም። ላቡን አጥቤ በረንዳው ገመድ ላይ አሰጣሁት፣ ጥለቱን ወደ ታች።

አስቴር በአጥሩ በኩል አየችኝና «ጋሼስ?» አለች፣ በረንዳው ላይ ያለውን ባዶ ወንበሩን እያየች።

«ልምምድ ሄዷል» አልኳት።