ኤስበን የገባበት ጫካ

ውድ ወንድሜ አስገር፣

ለጤናህ እንዴት ሰነበትክ? ሚስትህ ናያስ እንዴት ናት? ያ ሲያማት የነበረው ወገቧ ተሻላት ወይ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እናንተ ከተማ ኑክ ላይ በረዶው ዘንድሮ ቀድሞ ገባ ሲባል በሬዲዮ የሰማች ጊዜ እማዬ «ልጄን በረዶ ዋጠው» እያለች ሦስት ቀን ሙሉ ስታብሰለስል ነበር። እኛ አለን። እማዬ ጉልበቷ ቢለግምም አፏና ጆሮዋ እንደ ድሮው ነው። እኔም ያንኑ የወተት ቦቴ ይዤ ከእርሻ እርሻ እዞራለሁ። እስካሁን ሳልጽፍልህ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም። በስልክ «ሁሉም ሰላም ነው» ያልኩህ ውሸት ነበር። እማዬ «እዚያ ሩቅ ሆኖ ምን ሊያደርግ? አታስጨንቂው» ብላኝ ነው። ነገሩ ስለ ወንድማችን ኤስበን ነው። በሕይወት አለ፤ ይህን አስቀድመህ እወቅና ተረጋግተህ አንብበው።

ሴፕቴምበር አምስት ቀን፣ ለዘማቾች ባንዲራ በሚሰቀልበት ዕለት፣ ኤስበን ሜዳሊያውን አድርጎ ከእኔ ጋር አደባባይ ወጣ። ሆልገርን ታስታውሰዋለህ፤ አሁን የከተማው ማኅበር ሊቀ መንበርም የአዳኞች ክበብ ኃላፊም እሱ ነው። ረጅም ንግግር አደረገና «ልጆቻችን መቼም ቢሆን ብቻቸውን አይቀሩም» አለ። ሰው አጨበጨበ። ሲያበቃ የኤስበንን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ!» አለውና ኬኩ ወደተደረደረበት ጠረጴዛ ሄደ። ሌላ ማንም አላናገረውም።

የጉዳት አበል ጠይቆ ስለነበር በዚያው ሳምንት ማዘጋጃ ቤቱ ጠራው። ከሄልማንድ ጦር ሜዳ ከተመለሰ ሰባት ዓመት አልፎታል። እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ በር ድንገት ሲላተም መሬት ላይ እንደሚደፋ ሁለት ሐኪሞች ጽፈውለታል። ጉዳዩን የያዘችው ሴትዮ ግን «የሐኪሞቹን ወረቀት አይቼዋለሁ፤ መሥራት አለመቻልህን ግን ሠርተህ ማሳየት አለብህ» አለችው። አጠገቡ ተቀምጬ ስለነበር በጆሮዬ ነው የሰማሁት። «እግር የሌለው ሰው ቢመጣም ሩጥና አሳየኝ ትይዋለሽ?» አልኳት። «ደንቡ ነው» አለችና ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ መጻፏን ቀጠለች። የመደበችው የት መሰለህ? አሮጌ ብረት የሚለይበት ጣቢያ! ቀኑን ሙሉ ብረት ከመኪና ላይ ብረት ገንዳ ውስጥ ሲወረወር የሚዋልበት ቦታ።

ሁለት ቀን ጥርሱን ነክሶ ዋለ። በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ የጋራዥ በር ገንዳው ውስጥ ሲወድቅ መኪና ሥር ገባና ራሱን በእጆቹ ሸፍኖ አልወጣም አለ። ከሠራተኞቹ አንዱ በስልኩ ቀረጸው። «ና ውጣ እንጂ ጄኔራል፣ ጦርነቱ እኮ አልቋል!» እያለ ሲስቅ ይሰማል። ቪዲዮው ከተማውን አዳረሰ፤ እኔ ራሴ ያየሁት አንድ ገበሬ «ይሄ ያንቺ ወንድም አይደለም?» ብሎ ሲያሳየኝ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ «ለመተባበር ፈቃደኛ ባለመሆኑ ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ ላከለት። ኤስበን ደብዳቤውን አጣጥፎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፤ እማዬን «ትንሽ ነፋስ ልቀበል» አላትና ወጣ። በዚያው ቀረ።

ስድስት ሳምንት፣ አስገር። ፖሊስ ጋ ሄጄ «ትልቅ ሰው ነው፤ የትም መሄድ ከፈለገ መብቱ ነው» ተባልኩ። ቦቴዬን እየነዳሁ ያልጠየቅሁት ገበሬ የለም። አንተ በደወልክ ቁጥር እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝም በይ ትለኛለች። በኖቬምበር መጀመሪያ ከባሕሩ አጠገብ ካለው የጥድ ጫካ ዳር የሚኖር አንድ ገበሬ «ጠዋት ጠዋት ከውስጥ ጭስ ይወጣል። አንድ ፂማም ሰውዬም ከቧንቧዬ ውኃ ሲቀዳ አግኝቼው ሰላም ብለው ሮጠ» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልሆነልኝም። ከበረቱ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እያየሁ ነበራ! የአዳኞች ክበብ የዓመቱ ትልቅ አደን ቅዳሜ፣ እዚያው ጫካ ውስጥ ነው። ሃያ ጠብመንጃ።

በማግስቱ ሆልገር ቤት ሄድኩና ኤስበን ጫካው ውስጥ እንዳለ ነገርኩት፤ አደኑን አንድ ሳምንት ብቻ እንዲያስተላልፍልኝ ለመንኩት።

«በዓይንሽ አይተሽዋል?» አለኝ።

«አላየሁትም። ገበሬው ግን አይቷል።»

«አንቺ ልጅ፣ ጭስ ታየ ተብሎ አደን አይሰረዝም። ከኮፐንሃገን እንግዶች ጠርቻለሁ። ደግሞስ እዚያ ጫካ ውስጥ ማደር ክልክል መሆኑን ወንድምሽ አያውቅም?»

«ብቻቸውን አይቀሩም ብለህ ነበር፤ ባንዲራው ሥር ቆመህ።»

«እሱማ ንግግር ነው» አለኝ። ይህን ሲል ዓይኑን እንኳ አልሰበረም። «እንግዲህ ከቅዳሜ በፊት ፈልገሽ አውጪው» ብሎ በሩን ዘጋው። ፖሊስ ጋ ደወልኩ፤ እነሱም በዓይንሽ ካየሽው ደውዪ አሉኝ።

ዓርብን ጫካው ውስጥ ስሙን እየጠራሁ ዋልኩ፤ አላገኘሁትም። ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ ተመልሼ ገባሁ። አደኑ የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው እግሬ ክር ነካና በየዛፉ የተንጠለጠሉ ባዶ ጣሳዎች ተንኳኩ። ወዲያው «እዚያው ቁሚ! እጅሽን አሳዪኝ!» የሚል ድምፅ መጣ። ድምፁ የኤስበን ነው፤ ሰውየውን ግን አላወቅሁትም። ፂሙ ደረቱ ደርሷል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ በእጁ ትንሽ መጥረቢያ ይዟል።

«ቲልደ ነኝ» አልኩት።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ኤስበን፣ አዳኞች እየመጡ ነው፤ ቶሎ እንውጣ።»

«ልታስወጪኝ ነው የምትዋሺኝ። እነሱ ናቸው የላኩሽ» አለኝ። እጄን ዘርግቼ አንድ እርምጃ ስጠጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። እንዲህ እየተባባልን ሳለ የአደኑ መጀመሪያ ጡሩምባ ተነፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በምን ያህል ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። የመጀመሪያው ተኩስ ሲሰማ ያዘኝና ቦይ ውስጥ ጣለኝ፤ በላዬ ላይ ተኛብኝ። አፌ ጭቃ ሞላ። ከራሳችን በላይ ያለው ቅርንጫፍ ተቀንጥሶ ወደቀ። ልቡ ጀርባዬ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። እሱ ግን ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፤ ያስፈራኝ እሱ ነው። «ያኒክ፣ ዓይንህን አትጨፍን። መጡልን፤ እየመጡ ነው፤ አትጨፍን» ይለኛል። ያኒክ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም። ሄልማንድ ላይ እጁ ላይ የሞተበት ጓደኛው መሆኑን የነገረኝ ኋላ ነው። ያን ሰዓት «አልጨፍንም» ብቻ አልኩት።

አውሬውን ወደ አዳኞቹ የሚነዱት ሰዎች እየጮሁና ዛፉን በዱላ እየደበደቡ ወደ እኛ ተቃረቡ። ኤስበን መጥረቢያውን ይዞ ተነሣ። እግሩን ጠምጥሜ ያዝኩ። ሰው ሊገድል ነው፣ ወይም ሊገድሉት ነው ብዬ ጮህኩ። ከፊት የነበረው አይናር ነው፤ ያ ፖስታ ያመላልስልን የነበረው ሽማግሌ። በወጣትነቱ ቆጵሮስ ላይ ሰላም አስከባሪ ነበር፤ እኔ እንኳ ይህን አላውቅም ነበር። አየንና ዱላውን መሬት ጣለ። ወደ ኋላው ዞሮ «ሰው አለ! መሣሪያ አውርዱ!» ብሎ ጮኸ፤ እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ ተኩሱም ቆመ።

«አይናር ነኝ፣ ፖስተኛው» አለው። «ሲጋራ አለህ?»

ኤስበን ኪሱን ዳሰሰ። «የለኝም» አለ።

«እኔ አለኝ። ግን አንዴ ከተቀመጥኩ ጉልበቴ አያስነሣኝም፤ አንተ ና።»

ኤስበን መጥረቢያውን አስቀመጠና ሄደ። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሲጋራውን ተቀበለ፤ ያቀጣጠለለት አይናር ነው። ሆልገር ፊቱ በርበሬ መስሎ ደረሰና «ቀኑን አበላሻችሁት!» ሲል አይናር ቀና ብሎ «ሆልገር፣ ሰው ልትገድል ነበር። ዝም በል» አለው። ሆልገርም ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።

አሁን ኤስበን እኛ ጋ ነው። አልጋ አለው፣ ግን መስኮቱን ከፍቶ ወለሉ ላይ ይተኛል። ባለፈው ረቡዕ ማዘጋጃ ቤት ወሰድኩት። ያችው ሴትዮ ሁሉንም ሰማችና «ስድስት ሳምንት ጫካ ውስጥ ራሱን ችሎ መኖሩ ሥራ መሥራት እንደሚችል ያመለክታል» ብላ መዘገበች። ቃል በቃል ነው የገለበጥኩልህ። እኔ ከብስጭቴ የተነሣ ሳቅሁ። ኤስበን ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና ወጣ። ያን ቀን ከመኪና እስከ ቤት እጁን አልለቀቅሁም።

አይናር በዘማቾች ማኅበር በኩል ጠበቃ አገኘልን። ይግባኙ በጃንዋሪ ይታያል። ጠበቃዋ የምትፈልገው ከመዝመቱ በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደነበር የሚመሰክር ሰው ነው። እማዬ ሁለት ቃል ሳትናገር ታለቅሳለች። እኔ ሲሄድ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ የማውቀው ከመጣ በኋላ ያለውን ኤስበንን ነው። ያኛውን የምታውቀው አንተ ነህ። አንድ ክፍል ውስጥ ያደጋችሁት፣ ጀልባዋን አብራችሁ የጠገናችሁት እናንተ ናችሁ።

በአባባ ቀብር ላይ «አንተ ብቻ አይደለህም የዘመትከው፤ ወንድ ሁን» ያልከውን አልረሳሁም፤ እሱም አልረሳውም። ልወቅስህ አይደለም፤ እኔም ብዙ ጊዜ በልቤ ብዬዋለሁ። ባለፈው ቀን ሰሃን እያጠበ «አስገር ቪዲዮውን አይቶታል?» ብሎ ጠየቀኝ። አላየውም አልኩት። «አትንገሪው» አለኝ። ይኸው ነገርኩህ። ስለዚህ ተቀምጠህ ጻፍ። ያጠፋውንም፣ ያሳቀህንም፣ ያስታወስከውን ሁሉ ጻፍ። ለዳኞቹ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ ሲደርስ ለእሱም አነብለታለሁ።

እማዬ በጣም ትስምሃለች፤ ለናያ የወገብ ማሰሪያ እየሠራችላት ነው። ማሊክን ጉንጩን፣ ትንሿን ፒፓሉክን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ናያን እቀፍልኝ። አይናር የሚያውቅህ በቁምጣ ስትሮጥ ነው፤ ሰላም በይልኝ ብሏል። ኤስበን ሰላምታ አልላከም፤ መጻፌን አያውቅምና። አንተ ቀድመህ ላክለት።

እህትህ ቲልደ

ቪንደልባክ፣ ሰሜን ዩትላንድ
ኖቬምበር 19 ቀን 2017