ከስሜ ሥር የተጻፈው ስምሽ

ለምወድሽ እህቴ ለግሪዝል፤

እንደምን ከርመሻል እህት ዓለም? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ እየደበቅሽኝ ነው? በመጨረሻው ደብዳቤሽ ስለ እሱ አንዲት ቃል አለማንሳትሽ አላማረኝም። እኛ ደኅና ነን፤ ልጆቹም በጎቹም ብርዱን ችለውታል።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አታንብቢው። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ወረቀት ይዞ ደጃፌ ቆመ። ሴቶች ከምርጫ ሁከት እንዲጠበቁ የሚል ወረቀት ነው አለኝ። እጄ ሊጥ ነበር፤ ጠርጌ ሳላነብ ፈረምኩለት። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ወይዘሮ ኮርቤት ሌላ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ሴቶችም ድምፅ ይስጡ ብሎ ፓርላማውን የሚጠይቅ። የፊተኛው ሴት እንዳትመርጥ የሚጠይቅ የመጠጥ ነጋዴዎቹ ወረቀት ነው፤ ሴት ከመረጠች መጠጥ ቤታችንን ታዘጋብናለች ብለው ፈርተው ነው አለችኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና እሷንም አላመንኳት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ጀርባውንም ገልብጬ አየሁ። ከዚያ ፈረምኩ። ግን በአንዱ እሺ፣ በሌላው እንቢ ያለችን ሴት ማን ይሰማታል? ይህ እንቅልፍ ነሳኝ።

ስለዚህ የፊተኛው ወረቀት ወደተቀመጠበት፣ ሴት ደፍራ ወደማትገባበት መጠጥ ቤት ሄድኩ። ወንዶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ባለቤቱ ሚስተር ፔል፣ «ምነው የጊልበርት ሚስት፣ መንገድ ጠፋሽ እንዴ? እዚህ ሴት አይገባም» አለኝ።

«ስሜ ቀድሞኝ ገብቷል፤ እሱን ላወጣ ነው የመጣሁት» አልኩት።

ወረቀቱ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቷል። ስሜን አገኘሁት። ከሥሩ ግን፣ እህቴ፣ ያንቺ ስም አለ። ከስኮትላንድ ወጥተሽ የማታውቂው ያንቺ። የባሌን የእጅ ጽሑፍ ደግሞ የትም ባየው አልስተውም። አንዱ ጠጪ እየሳቀ፣ «ስም ላመጣ አንድ ብርጭቆ ቢራ ነው፤ ጊልበርት እንደሆነ ዘመድ አያጣም» አለ። በቁሜ አፈርኩ። ብዕሩን አንስቼ ሁለቱንም ሰረዝኩ። አንቺን ሳልጠይቅ ነውና ይቅር በይኝ።

ጊልበርት ወሬው ደርሶታል። እንደወትሮው ሾርባውን ጠጥቶ ወደ በጎቹ ወጣ። እኔ ግን መጠርጠር ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። ደብዳቤዎቼን ሁሉ ፖስታ ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። ለገና የጻፍኩልሽ ደርሶሻል? ይህን በእግሬ ሄጄ አስገባዋለሁ። መልስሽን በወይዘሮ ኮርቤት በኩል ላኪልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለወንድማችን ለሮሪ፣ ለሚስቱና ለመንታዎቹ ሰላምታዬን አድርሺ። ልጆቼ አጠገቤ ቆመው ሰላም በይልን ብለዋል። የጊልበርትን ሰላምታ ግን አልጨመርኩም፤ ሳልጠይቀው በስሙ አልጽፍም።

እህትሽ ኤልስፔት
ኦታጎ፣ ኒው ዚላንድ
ጁን 21 ቀን 1893