አባዬ፣ ሬሳ ሳታይ ጡሩምባ አታነሳም ነበር

አባዬ፣

ከተለየኸን ስድስት ዓመት አለፈ። ጡሩምባህ ዛሬም እልፍኝ ውስጥ ምስማሩ ላይ ናት፤ አቧራዋን የምጠርግላት እኔ ነኝ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷን አላመማትም። ለእድሩ ነፍተህ ስትመለስ ኤረር በር ላይ ታርፍባት የነበረችውን ድንጋይ የባጃጅ ሾፌሮች ወርሰዋታል።

የምጽፍልህ ግን ፈርቼ ነው።

እድራችን ጡሩምባ ትቷል። ሰው ሲሞት የእድሩ ዳኛ ድምፁን ቀርጾ በስልክ ይልክልናል። ባለፈው ጥቅምት አንድ ማለዳ መልእክቱ መጣ፤ እትዬ አስካለ ዐርፈዋል፣ ቀብር በስድስት ሰዓት። የዳኛው ሳል እንኳ የራሱ ነበር። ነጠላችንን ዘቅዝቀን እያለቀስን ግቢያቸው ደረስን። በሩን የከፈቱልን ማን ይመስልሃል? ራሳቸው እትዬ አስካለ፣ ግማሽ ጸጉራቸው ተጎንጉኖ ግማሹ ተበትኖ። ልቅሶውን ሲሰሙ ምንም ሳይጠይቁ ደረታቸውን እየመቱ አብረውን ማልቀስ ጀመሩ። ቆይተው ነው፣ «ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?» ያሉት። ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

በኋላማ ሳቅን፣ አልዋሽህም። «እንዲህ የምታለቅሱልኝ ከሆነ ደግማችሁ ኑ» አሉን። ዳኛው ግን ላቡ እየወረደ «አልላክሁም» ብሎ በታቦት ማለ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር የድሮ መልእክቶቹን ሰምቶ፣ ያላለውን በራሱ ድምፅ ይናገርለታል አሉ። ማን እንዳሠራው አልታወቀም። አንዱ ሥራ ፈት ጎረምሳ ነው ይላል፣ ሌላዋ ከእትዬ አስካለ ጋር በአጥር የተጣላውን ትጠረጥራለች። እኔም የጠረጠርኩት አለ፤ ስሙን ግን ለአንተም አልነግርህ።

ሳቁ የቆየው እስከ ኅዳር ነው። ዳኛው የጋሽ ታደሰን ሞት ላከ። ጋሽ ታደሰን፣ የአንተን ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱን። ከቤቱ የወጣ ሰው የለም። ሁሉም ስልኩን ይዞ «እውነት ይሆን?» ይባባላል። እኔ ብልጧ በቀጥታ ለባለቤታቸው ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። «በእርግጥ ሞተዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው፣ አባዬ። «ነይና ዳስሺው» አሉኝ።

ስደርስ ከሬሳው አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ቤታቸው ከእኛ ሦስተኛው ነው፤ ታውቀዋለህ።

አንተ ሬሳ ሳታይ ጡሩምባ አታነሳም ነበር። መጀመሪያ ትገባለህ፣ ቆብህን ታወልቃለህ፣ ከራስጌው ትቆማለህ፤ ከዚያ ነው የምትነፋው። እማዬ፣ «ሰው ከነገረህ አይበቃም? በዚህ ብርድ!» ስትልህ፣ «እኔን አምኖ ስንት ሰው ከእንቅልፉ ይነሳል» ትላት ነበር። ያኔ አልገባኝም።

አሁን ለራሴም ፈርቻለሁ። እማዬ አርጅታለች። ቀኗ ደርሶ ስጮህ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እውነት መሆኑን እስኪያጣራ እኔና እሷ ብቻችንን ስንቆይ ይታየኛል።

ስለዚህ መልእክት ሲመጣ እሄዳለሁ። ገብቼ አያለሁ፣ ወጥቼም በየበሩ አንኳኳለሁ። ጡሩምባህንም ልነፋ ሞክሬ ነበር፤ እማዬ እስኪያማት ሳቀችብኝ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችንን የፋጡማን በር ሳንኳኳ አልከፍትም አለች። ከውስጥ ሆና፣ «ወላሂ በዪ፣ አንቺ ነሽ?» አለችኝ፤ ክርስቲያን መሆኔን እንኳ ረስታው። ድምፄን ስንት ዓመት ታውቀዋለች። እጄን በበሩ ስንጥቅ አስገባሁላት። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፣ ከዚያ ከፈተችልኝ።

አልረሳህም፣ አባዬ። እግሬ እስከቻለ ድረስ አይቼ እናገራለሁ።

ልጅህ